የተሰረቀችው ቅድስትና መንደሯ

(የደወል ድምፅ፤ ቀስ እያለ ይርቃል)

የዛሬው ዝግጅታችን የሚነሣው ከአንድ ሌባ መነኩሴ ነው።

ሰውየው አሪቪስከስ ይባላል። ዘመኑ 9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አገሩ የዛሬዋ ፈረንሳይ ደቡባዊ ክፍል ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለምጠራ ከወዲሁ ልብ በሉልኝ። አሪቪስከስ ከገዳሙ ወጥቶ አዣን ወደምትባል ከተማ ሄደ። ከየት እንደመጣ፣ ምን ፈልጎ እንደመጣ ለማንም አልተነፈሰም። እንደ ማንኛውም ካህን ከአገልጋዮቹ ጋር ተቀላቀለ፤ ቀደሰ፣ ጾመ፣ ታዘዘ። አንድና ሁለት ዓመት አይደለም፤ ታሪኩን የጻፉት መነኮሳት እንደሚሉት 10 ዓመት ሙሉ። ታማኝነቱ እየታየ ሄዶ የአንዲት ሰማዕት መቃብር ጠባቂ አደረጉት። ከዚያ በኤጲፋንያ በዓል ዕለት፣ ሌሎቹ ለማዕድ ሲቀመጡ እሱ ወደኋላ ቀረ። መቃብሩን ሰበረ፣ አፅሙን በከረጢት ቋጠረ፣ ሌሊቱን ወደ አገሩ ገሠገሠ። ዓመቱ 866 ገደማ ነው። የተመለሰበት ቦታ ደግሞ ኮንክ ይባላል።

ይህን ታሪክ የነገሩን የተሰረቁት የአዣን ሰዎች ቢሆኑ ባልገረመን። የነገሩን ግን የሰረቁት ናቸው፤ ያውም በኩራት፣ በብራና ጽፈው። ክርክራቸውም አጭር ነበር፦ ቅድስቲቱ ራሷ ባትፈቅድ ኖሮ ማን ከቦታዋ ያነቃንቃት ነበር? ስለዚህ ሌብነት አይባልም፣ ቦታ መምረጥ ነው። በዚያን ዘመን አውሮፓ የቅዱሳንን አፅም ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው በዚህ መንገድ ማዛወር የተለመደ ነገር ስለነበር፣ ክርክሩን የሚሰማ ጆሮ አላጣም።

ሰማዕቷ ማን ናት? በትውፊቱ መሠረት በ303 ዓ.ም.፣ በዲዮቅልጥያኖስ የስደት ዘመን፣ አዣን ከተማ ውስጥ ለጣዖት አልሠዋም በማለቷ በእሳት ተሠቃይታ አንገቷን የተቀላች ልጅ ናት። ዕድሜዋን 12 ወይም 13 ያደርሱታል። ስሟ ፉዋ ነው፤ እምነት ማለት ነው። እኛ ዘንድ ብትወለድ ሃይማኖት ብለን እንጠራት ነበር።

ኮንክ አንዲት ሟች ልጅ ለምን ይህን ያህል እንዳስፈለገቻት ለመረዳት መንደሩን በዓይነ ኅሊና ማየት ይጠይቃል። ከሮዴዝ ከተማ በስተሰሜን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኡሽ የምትባል ትንሽ ወንዝ ጠባብ ገደል ቆፍራ ወርዳ ዱርዱ ከሚባለው ወንዝ ጋር ከምትገናኝበት በላይ፣ ጥድፍ ባለ ተዳፋት ላይ ተንጠልጥላለች። ስሟ ከላቲን የመጣ ሲሆን ዛጎል ማለት ነው ይባላል፤ ሸለቆው እንደ ዛጎል ጎድጎድ ያለ ነውና። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዳዶን የተባለ ባሕታዊ ሰው የማይደርስበት ቦታ ፈልጎ እዚህ ተቀመጠ፤ ደቀ መዛሙርት ተከተሉት፤ በ819 የሻርለማኝ ልጅ ንጉሠ ነገሥት ሉዊ ለገዳሙ የሥልጣን ደብዳቤ ሰጠ። ለባሕታዊ የተመቸ ቦታ ግን ለትልቅ ገዳም አይመችም። እርሻ የሚሆን ሜዳ የለም። ነጋዴ የሚያልፍበት መንገድ የለም። ብዙ ሳይቆይም ሜዳ ያለው፣ መንገድ ያለው፣ ፊዣክ የሚባል ተፎካካሪ ገዳም ተመሠረተና መነኮሳቱን ይስብ ጀመር። ኮንክ አማራጭ አልነበራትም፤ ሰው ተራራ አቋርጦ እንዲመጣ የሚያደርግ ነገር ማግኘት ነበረባት።

አገኘች። ከዚያ ወዲያ ተሳላሚው አልቆመም። በተለይ ወደ ስፔኑ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ፣ ወደ ሐዋርያው ያዕቆብ መቃብር የሚሄደው ሕዝብ ሲበዛ፣ ከለ ፑዊ ከተማ የሚነሣው መንገድ በኮንክ በኩል አለፈ። ከለ ፑዊ እስከ ኮንክ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለእግረኛ የ10 ቀን መንገድ። ዛሬም በዚያው ይኬዳል።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ ስለ ፉዋ ሐውልት ልንገራችሁ።

በገዳሙ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ በመስታወት ጀርባ፣ ቁመቷ 85 ሳንቲ ሜትር የሆነች ሴት ዙፋን ላይ ተቀምጣለች። ውስጧ እንጨት ነው፤ ላይዋ የወርቅ ገበር። ከራስ ዘውዷ እስከ እግሯ በዕንቁ፣ በክሪስታል፣ ከሮማ ዘመን በተረፉ ጥቃቅን የተቀረጹ ድንጋዮች ተሸፍናለች። ጀርባዋ ላይ የሰማዕቷ የራስ ቅል የሚያርፍበት ጎድጓዳ አለ። ቀና ብላ፣ ዓይኗን በልጥጣ፣ ከሰው ራስ በላይ ወደሆነ ነገር ታያለች። ያያት ሁሉ ልጅ አትመስልም ይላል። እውነት ነው፣ ልጅ አትመስልም። ፊቷ የእሷ አይደለምና። ባለሙያዎች መርምረው እንደደረሱበት የወርቁ ራስ ከቀሪው አካል በብዙ መቶ ዓመት ይቀድማል፤ በ4ኛው ወይም በ5ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ የሮማውያን ሥራ ነው፣ ምናልባትም የአንድ ንጉሠ ነገሥት ፊት። መነኮሳቱ ከሆነ ቦታ አግኝተው በሰማዕቷ አንገት ላይ ተከሉት። ሰማዕታትን ያስገደለ መንግሥት ጭንቅላት በሰማዕት ትከሻ ላይ! እጆቿ ደግሞ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተተኩ ናቸው፤ በጣቶቿ መሐል አበባ የሚሰካባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች ይዛለች። በየዘመኑ የመጣው ተሳላሚ ቀለበቱን፣ የአንገት ጌጡን እየተወላት፣ አንጥረኛው እየለጠፈላት እዚህ ደረሰች። የትኛው ነው ዋናው ሐውልት ብትሉኝ መልስ የለኝም።

በ1013 አካባቢ በርናር የሚባል የአንዤ ከተማ የትምህርት ቤት መምህር ወደ ኮንክ መጣ። የተማረ ሰው ነው፤ የሻርትሩ ሊቅ የፉልቤር ደቀ መዝሙር። ከሰሜን የመጣ በመሆኑ የወርቅ ምስል ፊት መስገድ ለዓይኑ እንግዳ ነበር። ሕዝቡ በግንባሩ ሲደፋ አይቶ አብሮት ወደመጣው ባልንጀራው ዘወር አለና ፈገግ አለ፤ እንደ ጣዖት አምላኪ ለእንጨት ይሰግዳሉ ማለቱ ነበር። ይህን ያወቅነው ራሱ ስለጻፈው ነው። ቆይቶ አፈረበት፣ ተጸጸተበት፣ ሁለት ጊዜ ተመልሶ መጣ፣ የቅድስት ፉዋን ተአምር የሰበሰበውንም መጽሐፍ ጀመረ። ከመጀመሪያዎቹ ታሪኮች አንዱ ጊቤር ስለሚባል ሰው ነው፤ ጌታው በቅናት ተነሣሥቶ ዓይኖቹን አውጥቶበት፣ ከዓመት በኋላ በቅድስቲቱ ዓይኖቹ ተመለሱለት ይላል። በርናር ሰውየውን አግኝቶ ጠይቆታል።

እኔ የምወደው ግን ሌላውን ነው። የአካባቢው ሰው አንዳንዶቹን ተአምሮች «የቅድስት ፉዋ ቀልድ» ይላቸው እንደነበር በርናር ጽፏል። ቅድስቲቱ ልጅ ናት፤ ልጅ ደግሞ ይጫወታል፣ ጌጥ ይወዳል፣ የተናገረውን አይረሳም። አንዲት ሴት ቀለበት ተስላ ከቀረች ፉዋ በሕልሟ እየመጣች ቀለበቴን አምጪ ትላታለች። አልሰጥም ካለች ጣቷ ያብጣል። ደግሞ ትመጣለች። ስለት የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ሳይል አይቀርም። የሴቶቹ ቀለበት ለመሠዊያው በተሠራው ወርቅ ውስጥ እንደቀለጠ በርናር ይናገራል፤ አንጥረኞቹ ለመሠዊያው ሥራ ወርቅ ሲያጡ ልጅቷ እየዞረች ትሰበስብላቸው ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ጣል ላድርግና እንለፍ። እንዲህ ያለው የተአምር ስብስብ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ተመራማሪዎች እንደሚሉት በተአምረ ማርያም ውስጥ ካሉት ታሪኮች ብዙዎቹ መጀመሪያ የተሰበሰቡት በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በምዕራብ አውሮፓ፣ በተለይም ፈረንሳይ ውስጥ ነው። ከዚያ በዐረብኛ በኩል አልፈው በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያና በ15ኛው መግቢያ ግድም፣ ወደ ግዕዝ ተመለሱ። ስለ ፉዋ የተጻፈው ከእነዚያ አንዱ አይደለም፤ ዘሩ ግን አንድ ነው።

(ሙዚቃ)

የተሳላሚው ብዛት አሮጌውን ቤተ ክርስቲያን ስላጣበበው፣ በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ አበምኔት ኦዶልሪክ አዲስ ማሠራት ጀመረ። ሥራው እስከ 12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ዘልቋል። ቦታው ተዳፋት ስለሆነ እንደልብ ማስረዘም አልተቻለም፤ ስለዚህ ወደ ሰማይ ሄዱ። የመካከሉ ጣሪያ ከወለሉ 22 ሜትር ይርቃል። ከመሠዊያው ጀርባ ዙሪያውን የሚዞር መተላለፊያ አለ፤ መነኮሳቱ መሐል ላይ ሲያዜሙ ተሳላሚው ሳይረብሻቸው ዞሮ አፅሙ ያለበትን ተሳልሞ በሌላ በኩል ይወጣል። መተላለፊያውን ከመሠዊያው የሚለየው የብረት አጥር ነው። ፉዋ እስረኛ በማስፈታት ትታወቅ ነበርና፣ የተፈቱት ሰዎች ሰንሰለታቸውን እየተሸከሙ መጥተው ይሰጡ ነበር፤ አጥሩ ከዚያ ብረት ተቀጥቅጦ ነው የተሠራው ይላሉ።

የምዕራቡ በር ግን ራሱን የቻለ ትምህርት ቤት ነው። ከበሩ በላይ፣ 6 ሜትር ተኩል በሚያልፍ ስፋት፣ የመጨረሻው ፍርድ በድንጋይ ተቀርጿል። 124 ምስሎች አሉት። ያኔ ሁሉም በቀለም የደመቀ ነበር፤ አሁንም ቀረብ ብሎ ለሚያይ በገነት በኩል ሰማያዊ፣ በሲኦል በኩል ቀይ ይታያል።

እስቲ አብረን እንየው። መሐል ላይ ክርስቶስ ተቀምጧል፤ ቀኝ እጁ ወደ ላይ፣ ግራ እጁ ወደ ታች። በእሱ ቀኝ፣ ለእኛ ደግሞ በግራ፣ ጸጥ ያለ ሰልፍ አለ፦ እመቤታችን፣ ጴጥሮስ ቁልፉን ይዞ፣ ከዚያ ያ የመጀመሪያው ባሕታዊ፣ ከዚያ አንድ አበምኔት ሻርለማኝን በእጁ እየመራ። ንጉሡ እዚያ የደረሰው ለገዳሙ ስጦታ ስለሰጠ ነው ተብሎ ይታመናል፤ አመጣጡ ግን በራሱ የሚተማመን ሰው አይመስልም፣ ጎንበስ ብሏል። ከሥራቸው ትንሿ ፉዋ በግንባሯ ተደፍታለች፤ ከደመና የወጣ አንድ ትልቅ እጅ ይነካታል። ከኋላዋ ከቅስቶቹ ላይ የእስረኞች ሰንሰለት ተንጠልጥሏል።

በመሐል ሚዛን አለ። በአንድ ወገን ሊቀ መላእክት ሚካኤል፣ በሌላው ሰይጣን ፊት ለፊት ቆመዋል። ሰይጣኑን ልብ ብላችሁ ተመልከቱት፤ በጣቱ የሚዛኑን ሰሌዳ ወደ ታች ይጫናል። ገበያ የዋለ ሰው ያውቀዋል።

ሲኦል ደግሞ ግርግር ነው። ቀራጺው ይበልጥ የተደሰተው እዚህ ይመስለኛል፤ ገነቱ ሥርዓት ያለው፣ ትንሽም የሚያሰለች ነው። ትዕቢተኛው ባላባት ከነጥሩሩ ከፈረሱ ተዘርግፎ ይወድቃል። ስስታሙ የገንዘብ ከረጢቱ አንገቱ ላይ እንደታሰረ ተሰቅሏል። ሐሜተኛው ምላሱን ይጎተታል። ሐሰተኛ ገንዘብ የሚሠራው ሰው የቀለጠ ብረት ይጠጣል። አዳኙን ደግሞ ጥንቸል በእሳት ላይ ትጠብሰዋለች፤ አዎ፣ ጥንቸሏ እሱን። በዚህ ሁሉ መሐል አንድ ራቁቱን የሆነ ንጉሥ ዘውዱ ራሱ ላይ እንዳለ አለ። በመረብ የተያዙ የቤተ ክህነት ሰዎችም አሉ። ይህን ያሠሩት አበምኔቶች መሆናቸውን አትርሱ። የቤተ ክህነት ሰው በገዛ በሩ ላይ የቤተ ክህነትን ሰው በመረብ ሲያስይዝ ትንሽ ድፍረት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ግማሽ ክቡን በሚከበው የድንጋይ ጠርዝ ላይ፣ ትንንሽ 14 ፊቶች አሉ። ጠርዙን እንደ መጋረጃ በጣቶቻቸው ይዘው፣ አፍንጫቸውን ብቻ አውጥተው ያጮልቃሉ። የመንደሩ ሰው «ጉጉዎቹ» ይላቸዋል። ማን እንደሆኑ ቀራጺው አልጻፈም።

(አጭር ሙዚቃ)

ከዚያ በኋላ ያሉትን 400 ዓመታት ፈጠን ብለን እንለፋቸው፤ ኮንክም ራሷ ተኝታ ያለፈቻቸው ናቸው። ተሳላሚው ቀነሰ፤ ገዳሙ ደኸየ። በ1568 በሃይማኖት ጦርነቱ ጊዜ ፕሮቴስታንቶች እሳት ለቀቁበት። መነኮሳቱ ግን አፅሙን አስቀድመው በግንብ ውስጥ ደብቀውት ነበር፤ በጣም ደህና አድርገው ደብቀውት ስለነበር እስከ 1875 ድረስ ያገኘው አልነበረም።

የፈረንሳይ አብዮት ሲመጣ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ወርቅና ብር ለመንግሥት ካዝና እንዲገባ ታዘዘ። በመላው አገሪቱ ከዘመን ዘመን የተጠራቀመ ንዋየ ቅድሳት ቀለጠ። የኮንክ አልቀለጠም። እንዲህ ይነገራል፦ መንደርተኞቹ ሌሊት ተነሥተው ዕቃውን ተከፋፈሉት፤ አንዱ በቤቱ፣ አንዱ በጓሮው፣ አንዱ ሻቴኝ የሚባለውን ፍሬ በሚያደርቁበት ጎጆ ውስጥ ሸሸገው። ሻቴኝ የዚያ ተራራ ድሃ ሰው ዳቦው ነበር፤ ስንዴ በማይበቅልበት ዳገት ላይ ዛፉን ተክሎ፣ ፍሬውን በጭስ አድርቆ ክረምቱን ይወጣበታል። እንግዲህ አስቡት፤ እህሉን በሚያደርቅበት ጎጆ ጣሪያ ሥር፣ ከጭሱ መሐል፣ ሙሉ መንደሩን የሚገዛ ወርቅ ተቀምጧል። ያ ክፉ ቀን ሲያልፍ እያንዳንዱ የወሰደውን መልሶ አመጣ። ወርቁ ዛሬ ግምጃ ቤቱ ውስጥ መኖሩ ምስክር ነው።

ይህ ታሪክ ከአሪቪስከስ ጋር ሲነጻጸር ይገርመኛል። በመጀመሪያው ሌሊት ኮንክ ሰረቀች፤ በዚህኛው ሌሊት ከሌላ ወሳጅ ሸሸገች። ሁለቱንም ያደረገችው ለአንዲት ልጅ ነው።

ከአብዮቱ በኋላ ሕንጻው ራሱ ሊወድቅ ደረሰ። ግድግዳው ተሰነጠቀ፣ ጣሪያው ውኃ ያስገባል፣ መነኩሴ የለም፣ ገንዘብ የለም። ሰኔ 30 ቀን 1837 ፕሮስፔር ሜሪሜ መጣ። ሜሪሜን ብዙዎቻችሁ በ«ካርመን» ደራሲነቱ ታውቁታላችሁ፤ የዕለት እንጀራው ግን የታሪካዊ ሐውልቶች ዋና ኢንስፔክተርነት ነበር። ፈረንሳይን በፈረስና በጋሪ እየዞረ ምን ሊወድቅ እንደደረሰ ይመዘግባል። በዚህ በረሃ በሚመስል ገደል ውስጥ ይህን የመሰለ ሀብት ያገኛል ብሎ አልጠበቀም ነበር፤ የመንግሥት ገንዘብ እንዲወጣ ወተወተና ተሳካለት። በ1873 የፕሪሞንትሬ ማኅበር መነኮሳት መጡ፤ እስከ ዛሬ እነሱ ናቸው ያሉት። ዛሬ በሩቅ የምናያቸው የምዕራቡ ሁለት ማማዎች እንኳ አሁን ያላቸውን መልክ ያገኙት በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ፎቶግራፍ የሚያነሣው ሰው ግን የ900 ዓመት ናቸው ብሎ ነው የሚያነሣቸው።

አሁን ወደ መስኮቶቹ እንምጣ። ቅርስ ሲባል ማንም እንዳይነካው የሚል ሰው ኮንክ ላይ የሚቸገረው እዚህ ነው።

በ1930ዎቹ መጀመሪያ አንድ የሮዴዝ ልጅ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ቤተ ክርስቲያኑን ሊጎበኝ መጣ። አባቱ ቀደም ብሎ ሞቶበታል። ከፍ ባለው ድንጋይ ሥር ቆሞ ሕይወቴን ለሥነ ጥበብ እሰጣለሁ ብሎ የወሰነው ያኔ እንደነበር ካደገ በኋላ ደጋግሞ ተናግሯል። ልጁ ፒየር ሱላዥ ነው፤ በ1919 ተወልዶ በ2022 በ102 ዓመቱ ያረፈው፣ በጥቁር ቀለም ብቻ በሠራቸው ግዙፍ ሥዕሎች የዓለም ሙዚየሞች የሚሻሙበት ሠዓሊ። በ1980ዎቹ መንግሥት ለኮንክ አዲስ መስኮት ሥራልን ሲለው እሺ አለ።

ሁሉም ሰው የጠበቀው ጥቁር ነበር። ሱላዥ ግን ቤተ ክርስቲያኑን ለክቶ፣ ብርሃኑ በየሰዓቱ ከየት እንደሚገባ አጥንቶ፣ አንድም ቀለም አያስፈልገውም አለ። የፈለገው ነጭ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ውጭውን ግን የማያሳይ መስታወት ነው። እንዲህ ያለ መስታወት ገበያ ላይ አልተገኘም። ስለዚህ ሊያሠራው ተነሣ። በመቶ የሚቆጠር ሙከራ ተደረገ። ዘዴው ሲያጥር እንዲህ ነው፦ ንጹሕ መስታወት ይፈጫል፤ ደቃቁና ሻካራው ይለያል፤ እንደገና በቅርጽ ላይ ተነስንሶ ምድጃ ውስጥ ይገባል፤ ቅንጣቱ ሙሉ በሙሉ ሳይቀልጥ እርስ በርሱ ሲጣበቅ ይወጣል። ደቃቁ የበዛበት ብርሃኑን ያደበዝዛል፣ ሻካራው የበዛበት ያሳልፈዋል። በአንድ ገጽ ላይ ሁለቱም ስላሉ ብርሃኑ ከመስታወቱ ውስጥ የሚፈልቅ ይመስላል። የቱሉዙ መስታወት ሠሪ ዣን-ዶሚኒክ ፍለሪ ቁርጥራጮቹን በእርሳስ አያያዛቸው። የእርሳሱ መስመር ቀጥ ያለ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ እንደ እስትንፋስ። 104 መስኮቶች። በ1994 ተመረቁ።

የመንደሩ ሰው አልወደደውም። ለምንስ ይወዳል? የነበሩት መስኮቶች ቅዱሳን የተሣሉባቸው፣ ቀይና ሰማያዊ የሚበትኑ ነበሩ፤ ሕፃን ሆኖ እያያቸው ያደገ ሰው አለ። በምትካቸው ቅዱስ የሌለበት፣ ቀለም የሌለበት፣ እንደ ጉም ያለ ነገር ሲመጣ የተዘረፈ መሰለው። ቅሬታው ተጻፈ፣ ተነገረ። እኔ ከቅሬታው ጋር ነገር የለኝም፤ ግን አንድ ነገር አስቡልኝ። የወጡት መስኮቶች ራሳቸው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የገቡ ነበሩ። ጥንታዊ ናቸው ተብሎ የተለቀሰላቸው ከለቃሾቹ ብዙም የማይበልጥ ዕድሜ ነበራቸው። ሐውልቷ ላይ የሮማ ፊት የተከለው መነኩሴ ቢመጣ ጭቅጭቁን አይቶ የሚገረም አይመስለኝም።

ጠዋት ብትገቡ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ፀሐይ ስትዞር ቀስ በቀስ ወደ ቢጫ፣ ወደ ማታ ደግሞ ወደ ፍም ይሞቃል። ቀለም የሌለው መስታወት ነው ይህን ሁሉ የሚያደርገው፤ የድንጋዩ ግድግዳ፣ ግራጫውም ቢጫውም፣ ያን ጊዜ ነው መልኩ የሚታየው።

(አጭር ሙዚቃ)

ኮንክ ውስጥ የሚኖረው ሰው ዛሬ 300 አይሞላም። ቤቶቹ ከሥር ድንጋይ ከላይ በእንጨት የተዋቀረ ግድግዳ ናቸው፤ ጣሪያቸው እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረበ ስስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተከድኗል። በ1998 የዓለም ቅርስ መዝገብ ውስጥ የገቡት ግን ቤተ ክርስቲያኑና ከመንደሩ በታች ያለው አሮጌ ድልድይ ናቸው፤ ፈረንሳይ ውስጥ ካለው የኮምፖስቴላ መንገድ ጋር። ድልድዩን «የሮማ ድልድይ» ይሉታል። ሮማውያን አልሠሩትም። በደቡቡ ቋንቋ ወደ ሮም የሚሄደውን ተሳላሚ የሚጠሩበት ቃል ነው ተጣሞ እዚያ የደረሰው፤ የተሳላሚዎች ድልድይ ማለት ነበር።

በበጋው ማታ ከእራት በኋላ ተሳላሚው ከየማደሪያው ወጥቶ ከበሩ ፊት ይሰበሰባል። አብዛኛው ጫማውን አውልቆ በነጠላ ጫማ ነው፤ እግሩ ላይ ፕላስተር ያለበት ብዙ ነው። ከመነኮሳቱ አንዱ ይወጣና ያን ድንጋይ ምስል በምስል ይተርከዋል። ሚዛኑ ጋ ሲደርስ፣ ጥንቸሏ ጋ ሲደርስ፣ ሕዝቡ ይስቃል። ከዚያ ውስጥ ኦርጋን ይጀመራል፤ የፈለገ ወደ ላይኛው ሰገነት ወጥቶ መስኮቶቹን በቅርብ ያያል።

በነጋታው ተሳላሚው ማልዶ ይነሣል። በሻርለማኝ ስም በተጠራው ጠባብ መንገድ፣ ድንጋዩ በእግር ብዛት ለስልሶ በሚያንሸራትተው ቁልቁለት ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ማዶ ያለውን ዳገት ይያያዘዋል። ዳገቱ ክፉ ነው፤ የሚወጣው ሁሉ ያለከልካል። አጋማሹ ላይ በቅድስት ፉዋ ስም የተሠራች ትንሽ የጸሎት ቤት አለች፤ አጠገቧ ምንጭ አለ፣ ለዓይን ያድናል የሚሉት። ጊቤርን አስታወሳችሁ? የጸሎት ቤቷ ደወል አላት። ያለፈው ሁሉ ቦርሳውን መሬት አስቀምጦ፣ ዞር ብሎ ማዶ ያለችውን መንደር አይቶ፣ ገመዱን ይስባል። ኮንክ ውስጥ ያደረ ጓደኛ ያለው ሰው፣ ጫማውን ገና እያሰረ ላለው ጓደኛው ቀደምኩህ ማለቱ ነው።

ሰላም እደሩ።

(የደወል ድምፅ)